የኮኪት ሕዝብ በየትኛው ወር ይቆጠር?

ከጎንደር ተነስቶ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው አውራ ጎዳና ኮኪትን አቋርጦ ያልፋል። አስፋልቱ ዳር ለሚኖር ሰው ኮኪት መንገድ ያላት ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሰሊጥ እርሻው ለሚገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የዓለም ባንክ የገጠር መንገድ ተደራሽነትን የሚለካበት መስፈርት ቀላል ነው፦ ከገጠሩ ነዋሪ ስንት በመቶው ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይኖራል? በእግር ከ20 እስከ 25 ደቂቃ መሆኑ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ የወጣው አሃዝ 22 በመቶ ገደማ ነበር። መስፈርቱ ጠቃሚ ነው፤ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ እንደሚኖር አድርጎ ያስባል። ኮኪት ባለችበት በመተማ ወረዳ ግን እንዲህ አይደለም።

አፈሩን እንይ። ዋልካው በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ያኔ አይሱዙም ትራክተርም እንደልብ ይመላለስበታል። የሸክላው ቅንጣት ግን እንደ መጽሐፍ ገጽ በስስ ንጣፎች የተደራረበ ነው። ዝናብ ሲጥል ውኃው በንጣፎቹ መሃል ይገባል፤ አፈሩ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ጭነት መሸከም ያቅተዋል። ጎማ ጭቃ ጠምጥሞ ይቆማል፤ ሰውም ጫማውን በእጁ ይዞ ይሄዳል።

የሰው ቁጥር የሚያሻቅበውም በዚያው ሰሞን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ የቀን ሠራተኛው ከደጋው ይወርዳል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ የፍሬው መያዣ ከደረቀ አፉን ይከፍትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ቀድሞ ታጭዶ፣ ነዶው ሂላ በሚባል ክምር ተደግፎ ይቆማል። ሠራተኛው እዚያው እርሻው ውስጥ ያድራል፤ ወባ ያገኘዋል፤ ካላዛር የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም ከዚያው ከዋልካው ስንጥቅና ከግራሩ ሥር ወጥታ በሌሊት ትነድፈዋለች። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። ሕክምናው ያለው ግን በአስፋልቱ በኩል ነው።

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የተካሄደው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ነበር፤ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሠራተኛውም ሳይወርድ ማለት ነው።

የሕዝብ ቁጥር መንገድን እንዴት እንደሚወስን ከሕንድ እንማር። አገሪቱ በ2000 እ.ኤ.አ. በጀመረችው የገጠር መንገድ ፕሮግራም በሜዳማ አካባቢ ቅድሚያ ያገኙት መጀመሪያ 1000፣ ቀጥሎ 500 ሰው የሞላቸው መንደሮች ነበሩ። ሳም አሸርና ፖል ኖቮሳድ የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚህ የሕዝብ ቁጥር ወሰን ጥቂት ከፍ ያሉትንና ጥቂት ዝቅ ያሉትን መንደሮች አነጻጸሩ። መንገድ ባገኙት መንደሮች ሰዎች ከእርሻ ወጥተው ወደ ደመወዝ ሥራ ገቡ፤ የእርሻው ምርትና የቤተሰቡ ሀብት ግን እምብዛም አልተለወጠም። በአንጻሩ ስቴፋን ደርኮንና ባልደረቦቹ በ15 የኢትዮጵያ መንደሮች ባደረጉት ጥናት፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ድህነትን በ6.9 መቶኛ ነጥብ ቀንሶ አግኝተውታል።

እኔን ልዩነቱ አይደንቀኝም። መንገድ የሚጠቅመው የሚጭነው ነገር ሲኖር ነው፤ መተማ ደግሞ ሰሊጥም ጥጥም አላት። ስለዚህ ለመንገድ ሥራ ዕቅድ የምታወጡ ባለሙያዎች፣ የኮኪትን ገጠር በግንቦት ብቻ አትቁጠሩት፤ በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ገብታችሁ፣ እርሻው ውስጥ በዳስ ያደረውንም ሰው ጨምራችሁ ቁጠሩ።