አምስት የሚወልዱት ሜሪኖዎች

የሜሪኖ በግ በዓለም ላይ ስሟ የሚነሳው በሱፏ ነው። በወሊድ በኩል ግን ቁጥብ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል፣ አለፍ ሲልም መንታ ትወልዳለች። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ኩማ ከተባለች ከተማ አቅራቢያ «ቡሩላ» የሚባል እርባታ የነበራቸው የሲርስ ወንድማማቾች ግን ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት የሚወልዱ ሜሪኖዎች ነበሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 ከአምስት መንትዮች አንዱ የሆነ አውራ በግ ለአገሪቱ የሳይንስ ምርምር ድርጅት በስጦታ ሰጡ። ስጦታውን ለምርምር የተቀበሉት የበግ ዘረ መል ተመራማሪዋ ሄለን ኒውተን ተርነር ነበሩ።

ስጦታው ቀላል አልነበረም። የመራባት ችሎታን በምርጫ ማሻሻል የእንስሳት አርቢዎችን ትዕግሥት ከሚፈታተኑ ሥራዎች አንዱ ነውና። በበጎች መካከል ከሚታየው የእድገት ልዩነት ሩብ ያህሉ ከዘር ሊመጣ ይችላል፤ በአንድ ወሊድ በሚገኘው የግልገል ብዛት ላይ ግን የዘር ድርሻ ከ10 በመቶ ብዙም አይርቅም። የቀረውን የሚወስኑት መኖ፣ ዕድሜ፣ ወቅትና ጤና ናቸው። ዘንድሮ መንታ የወለደችው በግ ከርሞ ሣሩ ካነሰ አንድ ትወልዳለች፣ ወይም ጭራሽ ላትፀንስ ትችላለች። በዚያ ላይ አውራው አይወልድም! መንታ የሚያስወልድ ዘር ይዞ መንጋው መሃል ቢውልም በመልኩ አይለይም። ማንነቱ የሚታወቀው በእናቱ፣ በእህቶቹና በሴት ልጆቹ ነው።

የቡሩላ በጎች ነገር ግን የተለየ ነበር። በአርሚዴል ምርምር ጣቢያ ላውሪ ፓይፐርና በርናርድ ቢንደን በሆድ ቆዳ በኩል በሚገባ ቀጭን መመልከቻ እየታገዙ እያንዳንዷ በግ በአንድ የድራት ዙር ስንት እንቁላል እንደምትለቅ ቆጠሩ። በጎቹም በሦስት ጎራ ተከፈሉ፦ አንድ ወይም ሁለት የሚለቁ፣ ሦስት ወይም አራት የሚለቁ፣ አምስትና ከዚያ በላይ የሚለቁ። ሦስት ጎራ ማለት ደግሞ ለዘረ መል ባለሙያ የታወቀ ምልክት ነው፤ የአንድ ዘረ መል ምንም ቅጂ የሌላት፣ ከአንድ ወላጅ የወረሰች፣ ከሁለቱም የወረሰች። በሺህ ጥቃቅን ዘረ መሎች ይመራል ሲባል የኖረው የግልገል ብዛት እዚህ ላይ በአንድ ዘረ መል እንደሚወሰን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግልጽ ሆነ።

ዘረ መሉን ማግኘት ሌላ 20 ዓመት ገደማ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሦስት የምርምር ቡድኖች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ሄደው፣ በበግ 6ኛ ክሮሞዞም ላይ አንድ ቦታ ተገናኙ። ከዲኤንኤው ፊደላት አንዷ ተቀይራለች። በዚህም የተነሳ በእንቁላል ዕጢ ውስጥ መልእክት የሚቀበለው ፕሮቲን 249ኛው አሚኖ አሲዱ ተለውጧል። ለውጡ ይኸው ነው።

ውጤቱ ግን ሰፊ ነው። እንደወትሮው ቢሆን እንቁላል ካቀፉት ከረጢቶች አንዱ ጎልቶ ያድግና ሌሎቹ ይከስማሉ። ለውጡን የያዘች በግ ከረጢቶች ግን ገና ትንንሽ ሳሉ ይበስላሉ፤ አንዱ ትልቅ ከረጢት ብቻውን የሚያመነጨውን ሆርሞን እነሱ እንደ ደቦ ተባብረው ያመነጩታል። ስለዚህ የሚከስም ይቀንሳል፣ የሚለቀቀው እንቁላል ይበዛል። አንድ ቅጂ የወረሰች በግ በአማካይ አንድ ግልገል ያህል ትጨምራለች፤ ሁለት ቅጂ የወረሰችው አንድ ተኩል ገደማ።

የዘሩ ምንጭም አውስትራሊያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1792 እና በ1793 ከካልካታ በመርከብ የቤንጋል በጎች ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ ቅኝ ግዛት ገብተው ነበር። በምዕራብ ቤንጋል ረግረግ ዳር የሚኖሩት ደቃቃዎቹ የጋሮሌ በጎች እ.ኤ.አ. በ2002 ሲመረመሩ ያችው የተቀየረች ፊደል ተገኘችባቸው። ኋላም በማሃራሽትራ፣ ፋልታን የሚገኘው የኒምብካር የግብርና ምርምር ተቋም ይህንኑ ዘረ መል ከጋሮሌ ወደ ደካኒ በጎች አሻግሮ ለእረኞች አድርሷል።

ታዲያ ሁሉም አርቢ ለምን አይወስደውም? የበግ ጡት ሁለት ነው። አራት የወለደች እናት ሁለቱን ለሞት ወይም ለጡጦ ትሰጣለች፤ ግልገሎቹም ሲወለዱ ትንንሽና ደካሞች ናቸው። በእስራኤል የቮልካኒ ማዕከል ዘረ መሉን ወደ አዋሲ በጎች ያስገባው፣ መኖ በማይጓደልበትና ግልገልን በጡጦ ማሳደግ በተለመደበት እርባታ ላይ ነው። እዚያ ሁለት ለሚጠጋ አማካይ ወሊድ በቂ አቅም አለ። ደረቅ ግጦሽ ላይ ለሚኖር መንጋ ግን ያው ስጦታ ዕዳ ነው።

በኒውዚላንድ የተገኘው «ኢንቨርዴል» የተባለው ዘረ መል ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። መነሻው በ11 ወሊድ 33 ግልገል የሰጠች አንዲት የሮምኒ በግ ናት። ዘረ መሉ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ አውራው ለሴት ልጆቹ ሁሉ ያወርሰዋል፣ ለወንዶቹ ግን ለአንዱም አይሰጥም። አንድ ቅጂ የያዘች ሴት መንታ ታበዛለች። ከአባትም ከእናትም የወረሰችው ግን መካን ናት። ስለዚህ አርቢው ዝምድናውን ሳይመዘግብ ካዳቀለ ትርፍ ያለው ነገር መንጋውን ያመክነዋል።

በኢትዮጵያ ጥያቄው የሚነሳው በየአካባቢው ልክ ነው። ብርድና የመኖ እጥረት የለመደችው የመንዝ በግ አንድ ወልዳ አንዱን ታሳድጋለች፤ የምታዋጣውም እንዲያ ሆና ነው። በልምላሜው በካፋ የምትገኘው የቦንጋ በግ ግን መንታ መውለድ አያስቸግራትም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ ገበሬዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው አውራ በግ በጋራ እየመረጡ ነው፤ በቦንጋና በሆሮ የግልገል ብዛት ከመምረጫ መስፈርቶቹ አንዱ ሲሆን መንዝ ላይ ትኩረቱ የስድስት ወር ክብደት ነው። ይህ አከፋፈል ትክክል ነው። የምርጫው ትልቁ ጠላት ግን የበዓል ገበያ ነው፤ ቶሎ የደረሰው ወንድ ጠቦት ለፋሲካ ተሸጦ ያልፋል፣ መንጋውን የሚያራባው ከኋላ የቀረው ይሆናል። አውራ የሚገዛ ወይም የሚያስቀር ሰው ከቁመናውና ከላቱ በፊት እናቱ ስንት ወልዳ ስንቱን ጡት እንዳስጣለች ይጠይቅ።