ከርነል መጋራት ድራይቨር መጋራት አይደለም

ወገኖች፣ ዛሬ እዚህ አጣዬ በተሰጠ የአይሲቲ ሥልጠና ላይ ያየሁት ስላይድ አስደንግጦኝ ነው የምጽፈው። «ሊኑክስ፣ አንድሮይድና ማክኦኤስ አንድ ማይክሮከርነል ስለሚጋሩ የአንዱ ድራይቨር ለሌላውም ይሠራል» ይላል። ሠልጣኞቹ ነገ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚረከቡ መምህራን ናቸው!

1. ሊኑክስ ማይክሮከርነል አይደለም። ድራይቨሩም (ሃርድዌሩን የሚያሠራው ፕሮግራም)፣ ፋይል ሲስተሙም፣ ኔትወርኩም በከርነሉ፣ ማለትም በሲስተሙ እምብርት ውስጥ ነው። የሚኒክስ ሠሪ ታነንባምና የሊኑክስ ሠሪ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1992 የተሟገቱት በዚሁ ነው። አንድሮይድም የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ነው።

2. የማክኦኤስ ከርነል ሌላ ነው። ከፊሉ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከተሠራው «ማክ» (Mach) ከተባለ ማይክሮከርነል፣ ከፊሉ ከቢኤስዲ የመጣ ነው። ጂኤንዩ ኸርድ የተባለው ሲስተምም የቆመው በዚያው በማክ ዝርያ ላይ ነው። ሁለቱ እንዲህ የሥጋ ዘመድ ሆነው እንኳ የአፕል ድራይቨር ኸርድ ላይ አይሠራም።

ለምን? ማይክሮከርነል ሚሞሪ ያከፋፍላል፣ ፕሮሰሰሩን በተራ ይሰጣል፣ መልእክት ያስተላልፋል፤ በቃ። ድራይቨሩ ከከርነሉ ውጭ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ነው የሚሠራው። ያ ፕሮግራም ሚሞሪ ከማን እንደሚጠይቅ፣ መልእክቱን በምን መልክ እንደሚልክ እያንዳንዱ ሲስተም የራሱ ደንብ አለው። ደንቡ ካልገጠመ የከርነሉ አንድ መሆን ምንም አይፈይድም። የኸርድ ሠሪዎች ኤል4 ወደሚባል ሌላ ማይክሮከርነል ለመዛወር ሞክረው ትተውታል፤ ዛሬም በማክ ላይ ናቸው። ጄኖድ የተባለው ሲስተም ግን ኤስኢኤል4ና ኖቫ በተባሉ ማይክሮከርነሎች ላይ ይሠራል፤ ከከርነሉ በላይ የራሱን ወጥ ንብርብር ስለሠራ። ከሁሉም የሚገርመው ደግሞ ኸርድ ዛሬ የዲስክ ድራይቨር የሚዋሰው ከርነሉ ፈጽሞ ከማይመስለው ከኔትቢኤስዲ መሆኑ ነው! ድራይቨሩ የተሻገረው «ረምፕ» የሚባል ማገናኛ ስለተሠራለት ነው። ስላይዱ የሚለው እንግዲህ የእውነቱ ተገላቢጦሽ ነው።

3. ግዢ። ድራይቨር እንዲህ የማይጋራ ከሆነ ዕቃ ሲገዛ መጠየቅ ነበረበት፤ ግን ስፔሲፊኬሽን የሚጽፈው ሰው ራምና ሃርድ ዲስክ ይቆጥራል፤ የዋይፋይ ካርዱ በሊኑክስ ይሠራ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ዕቃው ይመጣል፣ ዋይፋዩ አይታይም፣ «ሊኑክስ አይረባም» ይባላል፣ ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ ይጫናል፣ ከዚያ ቫይረስ። የሥልጠና ሰነዱም ቢሆን ከዓመት ዓመት ይገለበጣል እንጂ ባለሙያ አያየውም። መምህሩ የተሳሳተውን ይዞ ይሄዳል፣ ተማሪው ከመምህሩ ይወስዳል፣ ተጠያቂ ግን የለም።

ስላይዱን ያዘጋጃችሁ፣ ከቀጣዩ ዙር በፊት ያንን ገጽ አውጡት። መምህራን ደግሞ፣ ርክክብ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ሊኑክስ በፍላሽ አስነሱና ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ፕሪንተሩን ሞክሩ። ካልሠራ አትፈርሙ።