ለሚወልቅ ጥርስ

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ፣ አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ ከሐኪሙ ክፍል ወጣች። ልጁ ጥጥ ነክሷል። «ሁለት መንጋጋ ነቀሉለት፤ የወተት ጥርስ ስለሆነ ይተካል ብለውኛል» አለችኝ። መተካቱስ ይተካል፤ ግን የመጨረሻው የወተት መንጋጋ የሚተካው ልጁ ከ10 እስከ 12 ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ በምን ያኝካል? ነገሩ ሲከነክነኝ ሰንብቶ ባለሙያ ፍለጋ ወጣሁ።

ያነጋገርኳቸው የሕፃናት ጥርስ ሐኪም ጉዳዩ ሲነሳ ይቆጣሉ። «ጥርስ እስከ ነርቩ ተበላ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። የታመመውን የነርቩን የላይኛ ክፍል እናነሳና እርጥብ ጥጥ እንይዝበታለን። ደሙ በጥቂት ደቂቃ ከቆመ፣ ሥሩ ውስጥ ያለው ነርቭ ደህና ነው። ካልቆመ፣ ወይም ድዱ መግል ከቋጠረ እኔም እነቅላለሁ። የሚያናድደኝ ሳያዩ መንቀሉ ነው።»

ቁስሉ ላይ ምን ይደረግበት የሚለው ከመቶ ዓመት በላይ ያከራከረ ጉዳይ ነው። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ባክሊ እ.ኤ.አ. በ1904 ያስተዋወቀው ፎርሞክሬሶል 19 በመቶ ፎርማልዲሃይድና 35 በመቶ ክሬሶል ያለበት ፈሳሽ ነው። ፎርማልዲሃይድ አስከሬን እንዳይፈርስ የሚጠበቅበት ኬሚካል ሲሆን፣ የነካውን ነርቭ ያደርቀዋል እንጂ አያድነውም። ሆኖም ርካሽ ነው፤ ጥርሱንም ያቆያል። እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፎርማልዲሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ሲመድበው ግን፣ ለጥርስ የሚውለው መጠን እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ ብዙ ሐኪሞች ሌላ መፈለግ ጀመሩ።

ሌላው የተገኘው ከሲሚንቶ ነው። ፖርትላንድ ሲሚንቶን እ.ኤ.አ. በ1824 በፈጠራ ያስመዘገበው ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ የእንግሊዝ አገር ግንበኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካሊፎርኒያው የሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ማህሙድ ቶራቢነጃድ ከዚሁ ሲሚንቶ ተነስቶ፣ በራጅ እንዲታይ ቢዝመዝ ኦክሳይድ ጨምሮ ኤምቲኤ የተባለውን አበጀ። (ለግንባታ የሚሸጠው ጥራቱ ለአፍ አይሆንም።) ዱቄቱ በውኃ ሲለወስ ካልሲየም ይለቃል፤ ነርቩም ከሥሩ አዲስ የጥርስ ግድግዳ ይሠራል። ለመጠንከር ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ጥርሱንም ያጠቁራል። የፈረንሳዩ ኩባንያ ሴፕቶዶንት ያወጣው ባዮዴንቲን የተባለ ተመሳሳይ ሲሚንቶ ግን በ12 ደቂቃ ገደማ ይጠነክራል፤ ቀለምም እምብዛም አይለውጥም።

«ኤምቲኤ ሳገኝ ለአዋቂ እቆጥበዋለሁ» ይላሉ ሐኪሙ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ለሕፃን ላድርግለት ስል ወላጁ ‹ለሚወልቅ ጥርስ ይህን ሁሉ ብር?› ይለኛል። በዚያ ላይ የብረት ሽፋን ካልገባለት ከላይ ያስገባና ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።»

እነዚህ ሲሚንቶዎች በመንግሥት ግዥ ዝርዝር ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን የጠየቅኩት የሥራ ኃላፊ «አጣርቼ እደውላለሁ» ብለው አልደወሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው በዓለም 514 ሚሊዮን ልጆች የወተት ጥርሳቸው ተበልቷል። እኛ አገር ተቅማጥ ያመጣል እየተባለ የሕፃን ክራንቻ ሳይበቅል ከድዱ ተፈልፍሎ ሲወጣ፣ ከእንጥል መቁረጥ ጋር ጎጂ ልማድ ብለን አውግዘናል፤ ደግ አደረግን። ክሊኒክ ውስጥ ግን ሊድን የሚችል ጥርስ ሲነቀል የሚቆጣው ጥቂት ነው። ስድስት ዓመት ላይ የሚበቅለው ቋሚ መንጋጋ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ወደፊት ያዘነብላል፤ በኋላ የሚመጣው ጥርስ መውጫ አጥቶ ይጣመማል። ያን ለማቃናት የሚጠየቀው ገንዘብ ከሲሚንቶው ዋጋ ጋር አይወዳደርም።