መጠበቅ የማይችለው ዕንቁላል

ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሲሞሉ የጣና ነጭ ዓሣ ሐይቁን ትቶ ሽቅብ ይወጣል። ጣና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ወደ 15 የሚጠጉ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉት፤ ቢያንስ 7ቱ የሚራቡት እንዲህ ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው ነው። በወንዛዬ ፍል ውሃ አጠገብ የሚያልፈው ጉማራ ከዋነኞቹ መራቢያዎች አንዱ ነው። እናቲቱ ንጹሕና ኦክስጅን የበዛበት ውሃ በሚወርድበት ጠጠር ላይ ዕንቁላሏን ትጥላለች። ፅንሱ ሳያቋርጥ አድጎ በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል። ደለል ቢያፍነው ወይም ውሃው ቢሸሽ ግን እድገቱን ገትቶ የተሻለ ቀን መጠበቅ አይችልም።

መጠበቅ የሚችል ዓሣ አለ። ከሱዳን እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ በዝናብ ሞልተው በበጋ በሚደርቁ የቆላ ኩሬዎች ኖቶብራንኪየስ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ይኖራሉ፤ አንዱ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ለሳይንስ ተመዝግቧል። ኩሬው ሲደርቅ ወላጆቹ በሙሉ ያልቃሉ። ጭቃው ውስጥ የቀረው ፅንስ ግን ልቡ መምታት፣ አንጎሉም ቅርጽ መያዝ ከጀመረ በኋላ እድገቱን ያቆማል። ይህ ሁኔታ ዲያፖዝ ይባላል። የልቡ ምት ይቀዘቅዛል፣ የሴሎቹ መባዛት ይገታል። ወላጁ በሕይወት የሚቆየው ጥቂት ወራት ሆኖ ሳለ ፅንሱ ከዓመት በላይ ሊጠብቅ ይችላል። ይህ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ዲያፖዝን የሚመሩት ጂኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በዲያፖዝ ጊዜ ብዙ የእድገት ጂኖች ሲዘጉ ሌሎች ከወትሮው በላይ ይሠራሉ። ሲቢኤክስ7 የሚባለው ጂን ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ከጥቅም ውጭ ሲያደርጉት የፅንሱ ጡንቻ ተጎዳ፣ ዲያፖዙም ሳይዘልቅ ቀረ። ጤነኛው ፅንስ ግን ሲነቃ እድገቱም፣ መራባቱም፣ ዕድሜውም አይጓደልበትም። እ.ኤ.አ. በ2024 «ሴል» ላይ የወጣው ጥናት ደግሞ ከ470 ሚሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት በቅጂ የተባዙ ጂኖችን አገኘ፦ አንደኛው ቅጂ ለተለመደው እድገት ሲውል ሌላው ለዲያፖዝ ተለይቷል።

ደግሞ ሁሉም ዕንቁላል እኩል አይነቃም። ዘሩን ሁሉ በመጀመሪያው ዝናብ እንደማይዘራ ገበሬ፣ ከፊሉ ሲፈለፈል ከፊሉ ይቆያል፤ ዝናቡ ቢያታልል እንኳ ዘር አይጠፋም።

ወደ ወንዝ ወጥቶ የሚራባው ነጭ ዓሣ ይህ መጠባበቂያ የለውም። ድርቁን የሚያመልጠው በጉዞ ነው፤ ጉዞው ከተቋረጠ በጭቃ ተቀብሮ ለከርሞ የሚቆይ ዕንቁላል የለም፣ የዓመቱ ጫጩት በሙሉ ይቀራል። ስለዚህ በደራ፣ በፎገራና በፋርጣ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዞቹ አፍ መረብ አትዘርጉ፣ ዓሣ የሚመርዘውን ብርብራ አትበትኑ፣ ዓሣው የሚራባበትንም ጠጠር አታውጡ።