ለእሽቅድድም የሚሠራ የቢስክሌት መንኰራኵር፤ የዕቃው ምርጫና የእጅ ሥራው

የእሽቅድድም ቢስክሌት ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በአካሉ ቀለምና በፋብሪካው ስም ነው። ነገር ግን ተወዳዳሪው ቁልቁለት ሲወርድ ሕይወቱን የሚጥለው በሁለቱ መንኰራኵሮች ላይ ነው። ስለዚህ ቢስክሌትና መለዋወጫ የሚያስመጣ ወይም የሚሸጥ ነጋዴ የመንኰራኵርን አሠራር ሊያውቅ ይገባዋል። ሳያውቅ ያዘዘ እንደሆነ የማይገጥሙ ዕቃዎች በመጋዘኑ ተከማችተው ገንዘቡ ታስሮ ይቀራል።

መንኰራኵር አራት ክፍሎች አሉት፤ ይኸውም መካከለኛው ሞዞ፥ በዙሪያው ያለው ቸርኬ፥ ሁለቱን የሚያያይዙት ሽቦዎችና ሽቦዎቹን በቸርኬው ላይ የሚያጠብቁት ትናንሽ ዳዶዎች ናቸው። የጥንቱ ሠረገላ ሸክሙን የሚሸከመው በወፍራም የእንጨት ዘንጎች ነበር። የቢስክሌት ሽቦ ግን ቢጫኑት የሚታጠፍ ቀጭን ነገር ሲሆን ኃይሉን የሚያገኘው ከመወጠሩ ነው። ጄምስ ስታርሊና ዊልያም ሂልማን የተባሉ እንግሊዛውያን በውጥር ሽቦ የሚቆም መንኰራኵር ላለው ቢስክሌታቸው እ.ኤ.አ. በ1870 የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ስታርሊ ደግሞ በ1874 ሽቦዎቹ ከሞዞው ቀጥ ብለው በመውጣት ፈንታ እርስ በርሳቸው እየተሻገሩ የሚታሰሩበትን ዘዴ አወጣ። ይህም ዘዴ የእግርን ግፊት ከሞዞው ወደ ቸርኬው ለማስተላለፍ እጅግ የሚመች በመሆኑ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

መንኰራኵሩ በሚዞርበት ጊዜ በመሬቱ በኩል ያሉት ሽቦዎች በየተራ በጥቂቱ ይላላሉ፤ ወደ ላይ ሲመለሱም እንደገና ይወጠራሉ። ቀድሞውኑ ላልቶ የተሠራ ሽቦ በየዙሩ ፈጽሞ እየላላና እየተወጠረ ይደክምና አብዛኛውን ጊዜ ሞዞው አጠገብ ካለው መታጠፊያው ላይ ይሰበራል። እንግዲህ የሽቦ መሰበር ምክንያቱ ሁልጊዜ የብረቱ መጥፎነት አይደለም፤ የሥራው ጉድለትም ሊሆን ይችላል።

ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ በመጀመሪያ ሞዞውንና ቸርኬውን ለክቶ የሽቦውን ርዝመት ያሰላል፤ በዚህም ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊሜትር በላይ መሳሳት ሥራውን ያበላሻል። ቀጥሎም እያንዳንዱ ሽቦ ሌሎች ሦስት ሽቦዎችን እንዲሻገር አድርጎ ይሰካል፤ ይህ እጅግ የተለመደው አሠራር ነው። ከዚያም ዳዶዎቹን በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ ቸርኬው ወደ ጎን እንዳይወላገድ፥ ክብነቱም እንዳይዛባ ይቈጣጠራል። በኋለኛው መንኰራኵር የሰንሰለቱ ጥርሶች ቦታ ስለሚይዙ የቀኙ ሽቦዎች ከግራዎቹ ይልቅ መጥበቅ አለባቸው፤ በቀኝ በኩል ያለው ውጥረት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 120 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይሆናል። በመጨረሻም ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በእጁ አጥብቆ በመጭመቅ በየቦታቸው እንዲደላደሉ ያደርጋል። ይህን የመጨረሻ ሥራ የዘለለ ሰው የሠራው መንኰራኵር በጥቂት ቀን ውስጥ ሊላላና ሊጣመም ይችላል።

ስለ ሽቦው ምርጫ፥ ጫፎቹ 2 ሚሊሜትር፥ መካከሉ ደግሞ 1.8 ወይም 1.5 ሚሊሜትር የሆነው ዓይነት ለእሽቅድድም ይመረጣል። መካከሉ መቅጠኑ ደካማ የሚያደርገው ይመስላል፤ ነገር ግን ይበልጥ ስለሚለጠጥ ቶሎ አይላላም፤ መታጠፊያውንም ከድካም ያድነዋል። በዚህ ሥራ ከታወቁት ፋብሪካዎች መካከል የቤልጅጉ ሳፒምና የስዊሱ ዲቲ ስዊስ ይገኛሉ። ክብደቱ ብዙ ለሆነ ሰው ወይም ለአስቸጋሪ መንገድ 32 ወይም 36 ሽቦ ይመከራል፤ ቀላል ለሆነ ተወዳዳሪ 28ም ይበቃል።

ዛሬ ብዙ ተወዳዳሪዎች በፋብሪካ ተሠርቶ ያለቀ የካርቦን መንኰራኵር ይጠቀማሉ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለራሳቸው ብቻ የተሠራ ልዩ ሽቦ ስለሚፈልጉ መለዋወጫው በቀላሉ አይገኝም። በእጅ የተሠራው ግን የተለመደ ሽቦ ከተመረጠለት አንዱ ሲሰበር በዚያው ቀን ይተካል።

አስመጪዎች በተለይ ሊጠነቀቁበት የሚገባው የመጠኑ ቍጥር ነው። «28» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይታመንም፤ የጎማው ጠርዝ የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር 622 ወይም 635 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላልና። ለመንገድ እሽቅድድም የተለመደው፥ «700» የሚባለው፥ 622 ነው። «27» የሚባለው የድሮው መጠን ደግሞ በስሙ ከ«28» ያነሰ ቢመስልም 630 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ጎማ ለሌላው አይሆንም። በማዘዣው ላይ የሚሊሜትሩን ቍጥር፥ የሽቦውን ቀዳዳ ብዛትና የሽቦውን ርዝመት መጻፍ ከኪሳራ ያድናል።

የኢትዮጵያ ቢስክሌተኞች እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተወዳድረዋል፤ በ2016ም ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ለእንደነዚህ ያሉ ወጣቶች መንኰራኵር የሚያቀርብ ነጋዴ ትክክለኛውን ሽቦ በየርዝመቱ ቢያስቀምጥና አንድ የሠለጠነ ሠራተኛ ቢይዝ፥ ደንበኛው በሰላም ገብቶ ተመልሶ ይመጣል፤ የንግዱም ስም እየታመነ ይሄዳል።