ከምስክር ወረቀቱ በኋላ

በጎጃም፣ በደምበጫ፣ በጃቢ ጠህናንና በቡሬ በቆሎ የሚያመርት ገበሬ ባለፉት 30 ዓመታት የትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጥ ደጋግሞ ተማሪ ሆኗል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሳሳካዋ ግሎባል 2000 የግብርና ፕሮግራም ሠርቶ ማሳያዎችና እንደ ቢኤች 660 ያሉ ድቅል ዘሮች ሲስፋፉ ዘርን ከጎተራ ማስቀረት ትቶ በየዓመቱ መግዛትን፣ በመስመር መዝራትን፣ ማዳበሪያን በልክ ማድረግን ለመደ። በ2007 ዓ.ም. ገደማ ዳፕ የተባለው ማዳበሪያ ኤንፒኤስ በተባለው ሲተካ የለመደው ልክ ተለወጠ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አባቶቹ አይተውት የማያውቁት የአሜሪካ መጤ ተምች ኢትዮጵያ ገባ። ተምቹ እንቁላሉን ቅጠል ላይ ይጥላል፤ የተፈለፈለው ትል ወደ በቆሎው እምብርት ሰርጎ ይገባና ሰጋቱራ የመሰለ ኩሱን ከላዩ ይከምራል። አንዴ ከተሸሸገ መድኃኒት ቢረጩበትም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ማሳን በጧትና በማታ እየዞሩ ማየት፣ እንቁላሉንና ጨቅላውን ትል በእጅ እየለቀሙ መጨፍለቅ ያስፈልጋል። ገበሬው ይህን ሁሉ በአንድ ክረምት ማወቅ ነበረበት።

እንዲህ ያለ ትምህርት ማለቂያ የለውም። በአገራችን የጎልማሶች ትምህርት ግን በአብዛኛው የተመራው መጀመሪያና መጨረሻ ባለው ዘመቻ ነው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከተለና ብዙም ሳይቆይ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይመስለኝም፤ በማታ ክፍል ፊደል የቆጠሩት እናቶችና አባቶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነበሩ። ነገር ግን በጊዜው የነበረው መንግሥት በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከ70 በመቶ በላይ ደርሷል ሲል ቆይቶ፣ የ1987ቱ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ10 ዓመት በላይ ከሆነው ሕዝብ ሩቡ እንኳ እንደማያነብ አሳየ። በሪፖርት ማጋነን እንደነበረ መገመት አይከብድም። ከማጋነኑ ባልተናነሰ የጎዳው ግን የምስክር ወረቀቱን የተቀበለ ሰው በማግስቱ የሚያነበው አለማግኘቱ ነው። በቀበሌው መጽሐፍ የለም፣ ጋዜጣ አይደርስም፤ ፊደሉም ቀስ በቀስ ተረሳ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ የተስፋፋው ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ንባብን ከእርሻና ከጤና ጋር በማያያዝ ይህን ለማረም ሞከረ፤ የሁለት ዓመቱ ትምህርት ሲያልቅ የሚመጣውን ግን እሱም በቅጡ አልመለሰም።

ቴክኖሎጂ ሊረዳ የሚችለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የመጀመሪያውን ትምህርት በመስጠት ሳይሆን ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ በመሙላት። በ2006 ዓ.ም. በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የተጀመረው 8028 ነጻ የስልክ መስመር በተራ ስልክ ይሠራል፤ ገበሬው ቋንቋና ሰብል መርጦ ምክሩን ያደምጣል፣ ከረሳው መልሶ ይደውላል። በአማራ ክልልም የተሠራበት የቪዲዮ ትምህርት ሌላው ምሳሌ ነው። እንደ ተመልካቾቹ ያለ ገበሬ በራሱ ቋንቋ ሲሠራ ይቀረጻል፣ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለተሰበሰቡት ይታያል፣ የግብርና ባለሙያው ምስሉን እያቆመ ይጠይቃል፣ ይጠየቃል። አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች የተደረገ ጥናት በዚህ መንገድ የተማሩት ከተለመደው ምክር ይልቅ አሠራሩን አብዝተው እንደተቀበሉ አሳይቷል። ባለሙያውን ከዚህ ውስጥ ካወጣነው የሚቀረው ሲኒማ ነው። በአንጻሩ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ለከተማው ወጣት ጥሩ ዕድል ነው፤ ግን ኢንተርኔትና እንግሊዝኛ ላለው የታሰበ ሲሆን፣ ግቡም እንደ ጥንቱ ዘመቻ በምስክር ወረቀት ብዛት ይቆጠራል።

ስልኩ ከተናገረ ማንበብ ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። የተባይ መድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው መጠን በሄክታር ነው፤ የጎጃም ገበሬ ማሳውን የሚለካው ግን ሩብ ሄክታር በሆነው ቃዳ ነውና ለአራት አካፍሎ ማስላት አለበት። የብድር ውሉ ይነበባል፣ የቴሌብር መልእክት ይነበባል፤ ማንበብ የማይችል ሰው ገንዘብ ለመላክ የሚስጥር ቁጥሩን ለሌላ ሰው መንገር ሊኖርበት ነው። ልጆች ያነቡለታል የሚለውም ብዙ አያስኬድም። ፊደል የቆጠረው ልጅ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው የቤቱ አንባቢ ሆኖ ሳለ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ግን የሰላም ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ጦርነት ተቀስቅሶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚህ መሃል ስለ ዕድሜ ልክ ትምህርት ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ተምቹ ግን ተኩሱ እስኪቆም አይጠብቅም። የኢንተርኔቱ መቋረጥ የሚያሳየው ትምህርትን በኢንተርኔት ላይ ብቻ ማንጠልጠል አደገኛ መሆኑን ነው። የ8028 ምክር በሬዲዮ ሊሠራጭ፣ በአንድ ገጽ አማርኛ ታትሞ በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ግድግዳና በኅብረት ሥራ ዩኒየኑ የማዳበሪያ መጋዘን ሊለጠፍ ይችላል። ወጪው ለአንድ ዙር ምረቃ ድንኳንና ባነር ከሚወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም።