አፑ ከመሠራቱ በፊት መዝገቡ የት ይቀመጥ?

ኩዌት ውስጥ ጀህራ የሚኖር ሰው ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) መቼ እንደሚያልቅ ለማወቅ ዛሬ ቢሮ ሄዶ አይሰለፍም፤ ስልኩ ላይ «ሳህል»ን ከፍቶ ያያል። ሳህል የኩዌት መንግሥት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ሥራ ያስጀመረው፣ የብዙ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት አንድ ቦታ የሰበሰበ አፕ ነው። አፑ የቆመበት መሠረት ግን ከአፑ በ40 ዓመት ገደማ ይበልጣል። ኩዌት ለዜጋውም ለነዋሪውም አንድ የሲቪል ቁጥር የሚሰጥበትን ሥርዓት በሕግ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር። ሐበሻው «በጣቃ» በሚለው ካርድ ላይ የሰፈረው ይህ ቁጥር 12 አሃዝ አለው። የመጀመሪያው አሃዝ ሰውየው የተወለደበትን ክፍለ ዘመን፣ ቀጣዮቹ ስድስቱ የተወለደበትን ዓመት፣ ወርና ቀን ይናገራሉ፤ የመጨረሻው ደግሞ ሌሎቹ በትክክል መጻፋቸውን የሚያረጋግጥ ነው። ቁጥሩ ሲታሰብ ስማርት ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ የ1990ውን የኢራቅ ወረራ አሳልፋለች፣ ኮምፒውተሮቹ ስንት ጊዜ ተቀይረዋል፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ሳህልም ነገ በሌላ አፕ ቢተካ መዝገቡ አብሮ አይጠፋም።

ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጡታል። ፓወር አፕስ፣ አፕሺት፣ ኤርቴብልና የመሳሰሉት፣ ያለ ኮድ ወይም በጥቂት ኮድ አፕ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች፣ ሥራውን እጅግ አቅልለውታል። ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ የሱቅ ሒሳብ ያዥ በሁለት ምሽት የራሱን አፕ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ይህ ለአነስተኛ ነጋዴ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ችግሩ የሚመጣው ቅጹና ቁልፎቹ ካማሩ በኋላ መረጃው የት እንደሚቀመጥ ሳይታሰብበት፣ በእጅ ያለ ፋይል ሁሉ እንደ መዝገብ ቤት ሲወሰድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው፦ መጀመሪያ የሚመረጠው የመረጃው ማደሪያ ነው፤ የሚመረጥበትም ዋና መስፈርት የመዝገቡ ብዛት ሳይሆን መዝገቡን የሚነካው እጅ ብዛት ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ጀህራ ውስጥ ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ የሚልክ አንድ የካርጎ ቤት እናስብ። ሁለት ሰው ሲሠራበት አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይበቃዋል፦ የላኪ ስም፣ የበጣቃ ቁጥር፣ የሻንጣ ብዛት፣ ኪሎ፣ የተከፈለ ዲናር፣ ቀሪ ሒሳብ፣ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ያለው ተቀባይ ስልክ። ገና በመጀመሪያው ቀን ግን ሠንጠረዡ መረጃውን ማበላሸት ይጀምራል። በ09 የሚጀምረውን የኢትዮጵያ ስልክ እንደ ተራ ቁጥር ስለሚቆጥረው የፊቱን ዜሮ ይጥላል። 12 አሃዙን የበጣቃ ቁጥር በአስር ብዜት አሳጥሮ ስለሚያሳይ በዓይን አይነበብም። የኢትዮጵያ መታወቂያ በሆነው ፋይዳ ካርድ ላይ የታተመው 16 አሃዝ ቁጥር ከተጻፈበት ደግሞ የባሰ ይሆናል፦ ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ በትክክል ስለማይዝ የመጨረሻውን አሃዝ ዜሮ ያደርገዋል፤ አንዴ ከተቀየረ በኋላም ትክክለኛው ከፋይሉ ውስጥ ተመልሶ አይገኝም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዓምዱን ከመጀመሪያው «ጽሑፍ» ብሎ መሰየም ነው። ግን አስቀድሞ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ገንዘቡም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ዲናር 1000 ፊልስ ስለሆነ ሒሳቡ ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ ይፈልጋል፤ ብዙ መሣሪያዎች ግን ዶላርን አስበው ሁለት አሃዝ ይዘው ይመጣሉ። ለስሌት ያህል በኪሎ 1.375 ዲናር የሚከፈልበት 30 ኪሎ 41.250 ዲናር ይሆናል፤ ዋጋው ወደ 1.38 ከተጠጋጋ ግን 41.400 ይወጣል። በአንድ ደንበኛ የ150 ፊልስ ልዩነት ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን የካዝናው ገንዘብና የአፑ ድምር አይገናኙም፣ የሚጠረጠረውም ገንዘብ ተቀባዩ ነው። ስምም እንደዚሁ ነው። «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለኮምፒውተር የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ፓስፖርት ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ስም ደግሞ ከአንዱ ሰነድ ወደ ሌላው ይለያያል። ስለዚህ አንዲት ደንበኛ ሦስት ጊዜ ዕቃ ስትልክ ሦስት ሰው ሆና ትመዘገባለች። መዝገብ በስም ሳይሆን በማይለወጥ መለያ ቁጥር መቆም አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። የኩዌት የ1982ቱ ሕግ ያስቀመጠውም ይህንኑ ነው።

ሰዎች የመረጃ ማደሪያ ሲመርጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «ስንት መዝገብ ይይዛል?» ብለው ነው። በእርግጥ ሁሉም ገደብ አለው። የዛሬው ኤክሴል በአንድ ገጽ 1,048,576 ረድፍ፣ ጉግል ሺትስ በአንድ ፋይል 10 ሚሊዮን ክፍል ይይዛል። ለካርጎ ቤታችን ይህ የዕድሜ ልክ ስንቅ ነው፤ በቀን 100 ዕቃ ቢመዘግብ እንኳ የኤክሴሉ አንድ ገጽ ለመሙላት ከ28 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ጥያቄው የተሳሳተ ነው። መጠየቅ ያለበት ገደቡ ሲደረስ ምን እንደሚሆን ነው፦ ይናገራል ወይስ ዝም ይላል? እ.ኤ.አ. በ2020 መስከረም መጨረሻ የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም የኮቪድ ምርመራ ውጤቶችን 65,536 ረድፍ ብቻ በሚይዝ የድሮ የኤክሴል ፋይል ሲያስተላልፍ ትርፉ በዝምታ ተቆርጦ ቀረ። 15,841 በበሽታው የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ወጡ፤ አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች ፈልጎ የማስጠንቀቁም ሥራ ዘገየ። ፋይሉ «ሞልቻለሁ» አላለም።

በአነስተኛ አፖች ውስጥ ይኸው ዝምታ በጣም ዝቅ ባለ ቁጥር ይጀምራል። በፓወር አፕስ የተሠራ አፕ መረጃውን ሼርፖይንት ከተባለው የማይክሮሶፍት ማደሪያ ዝርዝር ሲያመጣ፣ ሼርፖይንት ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸውን ስሌቶች አፑ ስልኩ ላይ ይሠራቸዋል፤ ለዚያም የሚያወርደው የመጀመሪያዎቹን 500 መዝገቦች ነው፣ ቅንብሩ ቢስተካከል እስከ 2000። መደመር ከእነዚህ ስሌቶች አንዱ ነው። የካርጎ ቤቱ 501ኛ ዕቃ የተመዘገበ ዕለት «ያልተከፈለ ጠቅላላ ሒሳብ» የሚለው ቁጥር ስሕተት መሆን ይጀምራል፤ ለባለቤቱ ግን ስክሪኑ ላይ የሚወጣ ማስጠንቀቂያ የለም። ሠሪው አፑን ሲገነባ ቢጫ ምልክት አይቶ ይሆናል፤ አሥር ሙከራ መዝገብ ይዞ ሲፈትነው ግን ሁሉም ትክክል ነበር። ሼርፖይንት በሚሊዮን የሚቆጠር መዝገብ መያዙ እውነት ነው፤ ከ5000 በላይ ሲሆን ያለ ጥንቃቄ የተሠራ ጥያቄ አይመልስም እንጂ። መያዝና መመለስ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው።

እጅ ሲበዛ የሚመጣው ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ካርጎ ቤቱ እዚያው ኩዌት ፈርዋኒያ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ፣ ጀሊብ ውስጥ ዕቃ የሚሰበስብ ሾፌር ቀጠረ፣ አዲስ አበባ የሚያስረክብ ወኪል አለው እንበል። አሁን አምስት ሰው ይጽፋል። ላኪዋ ስልኳን ስትቀይር በሦስት ረድፍ የተደጋገመው ቁጥር በአንዱ ብቻ ይስተካከላል። ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይቢኤም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያቀረበው የዝምድና ሞዴል ይህን ድግግሞሽ ለማስቀረት መሠረት ጣለ፦ ደንበኛ በአንድ ሠንጠረዥ፣ ዕቃ በሌላ፣ ክፍያ በሌላ ይቀመጣል፤ የሚያገናኛቸው መለያ ቁጥሩ ነው። ዳታቨርስ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ፖስትግሬስና መሰሎቻቸው የሆኑ ዳታቤዞች ይህ ትስስር አንዴ በሕግነት ከተደነገገላቸው ራሳቸው ያስከብሩታል፤ የሌለ ደንበኛ ስም ላይ ዕቃ አይመዘግቡም፣ ዕቃ ያላትን ደንበኛ በስሕተት አያስጠፉም። ሠንጠረዥ ፋይል ግን ሕጉን የሚጠብቀው በሠራተኛው ትጋት ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ሊያሳስበን የሚገባው የማየት ፈቃድ ነው። የካርጎ መዝገብ ውስጥ የአንዲት የቤት ሠራተኛ ስም፣ የበጣቃ ቁጥር፣ ዕቃዋን የምትሰጥበት ቤት አድራሻ፣ አገር ቤት ያለ ቤተሰቧ ስልክ አለ። ከከፊሏ (ከአሠሪ ስፖንሰሯ) ጋር የተጣላች፣ ወይም የት እንዳለች እንዲታወቅ የማትፈልግ ሴት አድራሻ በማይገባው እጅ ሲወድቅ ጉዳቱ በፊልስ አይለካም። አንድ ዓምድ ከአፑ ስክሪን ላይ መደበቅ ደግሞ መረጃውን መጠበቅ አይደለም። ሼርፖይንት ላይ የቆመ አፕ ተጠቃሚ ዝርዝሩን ራሱን የማየት ፈቃድ ሊኖረው ስለሚገባ አፑን ትቶ በቀጥታ ሊከፍተው ይችላል፤ የጉግል ሺትስ ሊንክ በዋትስአፕ የደረሰውም እንዲሁ። ዳታቨርስ ግን ሾፌሩ የራሱን ዕቃዎች ብቻ እንዲያይ፣ የበጣቃውን ዓምድ ከሒሳብ ያዥ በቀር ማንም እንዳያነብ ማድረግ ይችላል፤ ክልከላው ስክሪኑ ላይ ሳይሆን መዝገቡ ላይ ነው። ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች። የሰው አደራ የያዘ ነጋዴ ግን አዋጅ እስኪጠቀስበት መጠበቅ የለበትም።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ዋጋ ነው፤ ተገቢም ነው። ሼርፖይንት አብዛኛውን ጊዜ ከቢሮው የማይክሮሶፍት ክፍያ ጋር ይመጣል፤ ለዳታቨርስና ለኤስኪውኤል ግን ተጨማሪ የፓወር አፕስ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በዝርዝር ዋጋው ለአንድ ሰው በወር 20 ዶላር ገደማ። ለአምስት ሰው 100 ዶላር፣ ወደ 30 ዲናር መሆኑ ነው። ለትንሽ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሆኖም ሌላ መንገድ አለ። ፖስትግሬስ በነፃ የሚገኝ ነው፤ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዲኤችአይኤስ 2ም የቆመው በእሱ ላይ ነው። አፕሺትም በጉግል ሺትስ ተጀምሮ በኋላ ከእንዲህ ያለ ዳታቤዝ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ነፃ ሲባል ግን ሶፍትዌሩ ነው፤ ኮፒ የሚያስቀምጥ፣ የሚያድስ፣ የሚጠብቅ ሰው ግድ ነው። ያ ሰው ከሌለ ወርኃዊው ክፍያ ይረክሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ገና ትንሽ ነን፣ ስናድግ እናስብበታለን» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚጽፍበት፣ ጥቂት መቶ ረድፍ ያለው፣ ምስጢር የሌለበት መዝገብ በጉግል ሺትስ ቢቀር ምንም ነውር የለውም፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ ዳታቨርስ መግዛት ብክነት ነው። ሐሰቱ ያለው «ስናድግ» በሚለው ቃል ነው፤ ዕድገት ቀጠሮ አይሰጥም። መዝገቡን ለማዛወር የሚከብደው የፋይሉ ክብደት አይደለም፤ ሦስት ጊዜ የተመዘገበችውን ደንበኛ አንድ ማድረግ፣ ዜሮው የጠፋበትን ስልክ መፈለግ፣ «ጳጉሜን 3» ተብሎ በጽሑፍ የገባውን ቀን በፈረንጁ አቆጣጠር መተካት ነው። ስለዚህ ትንሹም ቤት ቢሆን ዛሬውኑ ለእያንዳንዱ ደንበኛ መለያ ቁጥር ቢሰጥ፣ ደንበኛንና ዕቃን በተለያየ ገጽ ቢያስቀምጥ፣ ገንዘብን በሦስት አሃዝ ቢጽፍ የማዛወሩን ሥራ አብዛኛውን አጠናቋል።

መረጃዬን ባሕር ማዶ ካለ ኩባንያ ይልቅ እዚሁ ሱቄ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ባስቀምጠውስ የሚሉም አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ግን ቦታውን እናስታውስ። በጀህራ ግዛት የሚገኘው የሚትሪባ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 2016 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የመዘገበ ቦታ ነው፤ በ2024 የሙቀት ወራት ደግሞ ኩዌት መብራት በፈረቃ እስከ ማጥፋት ደርሳለች። ከሱቁ ጥግ የተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር ይህን እንዲቋቋም መጠበቅ አይቻልም፤ ሌላ ቦታ ቅጂ ካለው በስተቀር። አሁን አሁን ደግሞ አፑን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠራልኛል የሚለውም በዝቷል። ይሠራል፤ ስክሪን መሥራት ረክሷል ማለት ነው። የተበላሸን የአምስት ዓመት መዝገብ ማቃናት ግን አልረከሰም።

ስለዚህ የጀህራም ሆነ የአዲስ አበባ ነጋዴ አፕ ለሚሠራለት ሰው ከቀለሙና ከቁልፉ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ፦ ስንት ሰው ይጽፍበታል፣ ማን ምን እንዳያይ ይከለከላል፣ ድምሩ የሚሠራው በሁሉም መዝገብ ላይ ነው ወይስ በከፊሉ፣ ነገ ልተወው ብል መዝገቤን ከነመለያ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ይዤ መውጣት እችላለሁ? ሦስተኛ ሰው መጻፍ ከጀመረ፣ ወይም አንድ ሰው እንኳ ሊያየው የማይገባ ነገር ካለ፣ ሠንጠረዥ ፋይል ዘመኑ አብቅቷል፤ ወደ እውነተኛ ዳታቤዝ መሄድ ይገባል። አራተኛውን ጥያቄ በግልጽ የማይመልስ መሣሪያ ደግሞ የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን አይገዛ።